ብቻዎን ወጥተው ሳይጨልም መመለስ፦ በመፀው ወራት ለድንጋያማ ተራራ የቀን ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ብቻቸውን ተራራ የሚወጡ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጠዋት ዘግይተው ይነሣሉ፤ አቀበቱ ካሰቡት በላይ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ጫፉ ከፊት ለፊታቸው ስለሚታያቸው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብለው ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ፣ እርጥቡ ድንጋይ፣ ድካሙና ጨለማው ተባብረው ይጠብቋቸዋል። በመፀው ይህ ስሕተት ከሌላው ወቅት ይበልጥ ይከብዳል፤ ቀኑ በየዕለቱ ያጥራል፣ ጥላ ያረፈበት ድንጋይ እስከ እኩለ ቀን ውርጭ ይዞ ይቆያል፣ የረገፈው ቅጠልም ጉድጓዱን ይሸፍናል።

ከሰው ጋር ሲሄዱ «እንመለስ» የሚል አይጠፋም። ብቻዎን ሲሆኑ ግን ይህን የሚልዎት ከቤት ሳይወጡ በወረቀት ላይ የጻፉት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሰዓት በትክክል ለመጻፍና ለማክበር የሚረዳ ነው።

መመሪያው በእግር ለሚሄድ፣ አልፎ አልፎም በእጁ ድንጋይ ይዞ ለሚወጣ ሰው የተዘጋጀ ነው። መንገዱ ገመድ የሚጠይቅ ከሆነ ወይም በረዶ ከሸፈነው ብቻዎን አይሂዱበት።

1. መንገዱን ይምረጡ (ከሁለት ቀን በፊት)

ብቻዎን ሲሄዱ ከአቅምዎ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መንገድ ይምረጡ። ከጓደኞችዎ ጋር የወጡት ከባድ ተራራ ለብቻ ጉዞ መለኪያ አይሆንም።

ካርታውን ይዘርጉ። መለኪያው 1፡50,000 ከሆነ በካርታው ላይ ያለው 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1፡25,000 ከሆነ 4 ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው የሚታዩበት ቦታ ገደላማ ነው። መስመሮቹ ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር የሚመስሉበትን ቦታ መንገድዎ የሚያቋርጥ ከሆነ ሌላ መንገድ ይፈልጉ።

ከዚያ ሦስት ነገሮችን በእርሳስ ያመልክቱ፦

- ሳያመነቱ የሚያውቋቸው ምልክቶች፦ ወንዝ የሚሻገሩበት፣ መንገድ የሚከፈልበት፣ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ዝቅ ያለ ቦታ።
- አየሩ ቢበላሽ ከመሐል መንገድ በቀላሉ የሚወርዱባቸው ማቋረጫዎች። አንድም ማቋረጫ የሌለው ረጅም ሸንተረር ለብቸኛ ተጓዥ ጥሩ ምርጫ አይደለም።
- ፀሐይ የማይደርስባቸው ገጽታዎች። በሰሜናዊው የምድር ክፍል ወደ ሰሜን የዞረው ጎን ነው፤ ውርጭና ቀጭን በረዶ የሚጠብቅዎት እዚያ ነው።

ሄዶ በዚያው መመለስ ከዙሪያ ጥምጥም መንገድ ይሻላል። የሚወርዱበትን ድንጋይ ጠዋት ስለወጡበት ያውቁታል፤ በዙሪያ መንገድ ግን በጣም አስቸጋሪው ክፍል የሚያጋጥምዎት ለመመለስ በረፈደበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

2. ብርሃኑን ያስሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባክዎ አይዝለሉት።

በመጀመሪያ የዕለቱን የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ይወቁ። ባለፈው ወር ወይም ባለፈው ሳምንት የነበረውን አይጠቀሙ። ከምድር ወገብ አጠገብ ለውጡ ጥቂት ነው፤ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ግን ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት የመስከረም አጋማሽ ቀኑ በየዕለቱ 3 ደቂቃ ያህል ያጥራል። በሁለት ሳምንት ከ40 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። በመፀው ሰዓት ወደኋላ በሚመለስባቸው አገሮች ደግሞ ጀንበር በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ቀድማ የምትጠልቅ ትመስላለች። ሸለቆ ውስጥ ከሆኑ ተራራው ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚከልላት ብርድና ጥላ ከመጥለቂያው ሰዓት በፊት ይደርሱብዎታል።

ቀጥሎ የጉዞውን ርዝመት ያስሉ። ተራራ ወጪዎች ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት የናይስሚዝ ቀመር ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ይህ ግን ለጥሩ መንገድ ነው። ለድንጋያማ መሬት ግማሹን ይጨምሩበት። ቁልቁለቱን ደግሞ «ወደ ታች ነው፣ ይፈጥናል» ብለው አያሳጥሩት፤ ቋጥኝ ላይ መውረድ ያሰቡትን ያህል አይፈጥንም።

ምሳሌ፦ ጫፉ ድረስ 7 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 900 ሜትር ቢሆን፣

- ርቀቱ 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ አቀበቱ 1 ሰዓት ከ30፤ ድምር 2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ።
- ድንጋያማ ስለሆነ ግማሹ ሲጨመር 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል።
- ዕረፍት 40 ደቂቃ። እስከ ጫፉ በድምሩ 5 ሰዓት።
- ለቁልቁለቱ 3 ሰዓት።

ጠቅላላው 8 ሰዓት ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ማለትም በ10 ሰዓት፣ ከተራራው ግርጌ መድረስ አለብዎት። ሁለቱ ሰዓታት የወለምታ፣ የመንገድ መሳትና የጉም መጠባበቂያ ናቸው፤ ለጉዞ አይነኩም። ስለዚህ መነሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የመመለሻው ሰዓት፣ ማለትም የትም ቢደርሱ ዞረው መውረድ የሚጀምሩበት፣ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።

«7 ሰዓት» ብለው በወረቀት ይጻፉና ካርታው ላይ ይለጥፉት። እኔ በእጄ ጀርባም እጽፈዋለሁ፤ ጓንት ባወለቅሁ ቁጥር አየዋለሁ።

3. ለአንድ ሰው በጽሑፍ ይንገሩ

«ተራራ ልወጣ ነው» ማለት መንገር አይደለም። በዕለቱ ስልኩን ለሚያነሣ አንድ ሰው ይህን ጽፈው ይላኩ፦

- የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚነሡበትና የሚመለሱበት ቦታ፤ የካርታው ፎቶ ቢጨመር ይመረጣል።
- የለበሱት ጃኬትና የቦርሳዎ ቀለም።
- የመመለሻ ሰዓትዎና የሚደውሉበት ሰዓት።
- እስከዚህ ሰዓት ካልደወልሁ ለዚህ የነፍስ አድን ቁጥር ደውል የሚል ግልጽ ትእዛዝ። ከላይ ባለው ምሳሌ ማታ 1 ሰዓት ተገቢ ነው።

ቁጥሩን እርስዎ ራስዎ ፈልገው ይስጡት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው፤ በሌላ ቦታ ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መንገድ ከቀየሩ መልእክት ይላኩ። መልእክቱ የማይደርስ ከሆነ መንገድ አይቀይሩ። ፈላጊዎች የሚሄዱት እርስዎ ወደ ጻፉት ቦታ ነው።

4. ቦርሳውን በዋዜማው ያዘጋጁ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃውን ማታ ወለል ላይ ዘርግተው፣ አንድ በአንድ አይተው ያስገቡ።

ልብስ። ጥጥ ውኃ ይይዛል፤ ላብ ያረሰው የጥጥ ካናቴራ ነፋስ ሲያገኘው ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ። ቆመው በሚያርፉበት ጊዜ የሚደርቡት አንድ ወፍራም ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንትና ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡ። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ግርጌው ላይ 12 ዲግሪ ከሆነ 900 ሜትር ሽቅብ ከወጡ በኋላ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የሸንተረሩ ነፋስ አለ።

ጫማ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝና ከዚህ በፊት ቢያንስ ጥቂት ጉዞ የሄዱበት ይሁን። አዲስ ጫማ በዚህ ቀን አይጀመርም።

መንገድ ማወቂያ። የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ካርታው አስቀድሞ የተጫነበት ስልክ። ብርድ የስልክን ባትሪ ያደክማል፤ ስለዚህ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነትዎ ጋር አስጠግተው ይያዙት። የበረራ ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ጂፒኤሱ በዚያ ሁነታም ይሠራል። ተጨማሪ ባትሪና ገመዱን አይርሱ።

ብርሃን። ግንባር ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ ከነትርፍ ባትሪው። የስልክ መብራት ይህን አይተካም፤ ቁልቁለት ላይ ሁለት እጅዎ ነጻ መሆን አለበት፣ የስልኩም ኃይል ለጥሪ ያስፈልግዎታል።

ለአደጋ። ፊሽካ፣ ውስጡ ገብተው የሚቀመጡበት የአደጋ ጊዜ ከረጢት፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ የቁስል መሸፈኛና የራስዎ መድኃኒት። ፊሽካው የቦርሳው ማንገቻ ላይ ይታሰር። ከቦርሳው ሥር የተቀበረ ፊሽካ እጁ ለተሰበረ ሰው አይደርስለትም።

ውኃና ምግብ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ያስቡ። በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ሳይጠሙ መጠጣት ይልመዱ። ጓንት ሳያወልቁ የሚበሉትን ምግብ ኪስ ውስጥ፣ ለአንድ ምግብ የሚበቃ ትርፍ ደግሞ ቦርሳው ግርጌ ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መፀው በብዙ አገሮች የአደን ወቅት ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ልብስ ይልበሱ። ቢጎዱም ፈላጊዎች ከሩቅ ያዩዎታል።

5. ጠዋት፦ መሄድ ወይም መቅረት

የአየር ትንበያውን ይዩ፤ የከተማውን ሳይሆን የተራራውን፣ በተለይም የነፋሱን ፍጥነትና ዝናቡ የሚጀምርበትን ሰዓት። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ጉዞውን ይተዉት ወይም ዝቅተኛውን መንገድ ይያዙ፦

- ከቀትር በፊት የሚጀምር ዝናብ፣ መብረቅ ወይም ሸንተረሩን የሚሸፍን ጉም።
- ማታ ዘንቦ ሌሊቱን የቀዘቀዘ አየር፤ ድንጋዩ የማይታይ በረዶ ለብሷል።
- ካሰቡት የመነሻ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ መዘግየት። በዚህ ጊዜ የመመለሻውን ሰዓት አይግፉ፤ መድረሻውን ያቅርቡ።
- ትኩሳት፣ እንቅልፍ ያጡበት ሌሊት፣ ያልዳነ ጉልበት።

6. አቀበቱን ይጀምሩ

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በዝግታ ይሂዱ። ትንፋሽዎ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ የማይበቃዎት ከሆነ ፈጥነዋል። ላብ ሳያጠምቅዎ አንድ ልብስ ያውልቁ፤ ጠዋት ያረጠቡት ልብስ ከሰዓት በኋላ ያበርድዎታል።

መንገድ በተከፈለ ቁጥር ቆመው ወደኋላ ይዙሩ፣ ፎቶ ያንሡ። ሲመለሱ የሚያዩት መንገድ ሲወጡ ያዩት አይደለም፤ ቋጥኙ፣ ዛፉ፣ መታጠፊያው ሁሉ ሌላ ይመስላል። ብዙ ሰው መንገድ የሚስተው በዚህ ምክንያት ነው። የድንጋይ ክምሮችን እንደ ምልክት ይጠቀሙ፣ ነገር ግን ብቻቸውን አይመኑ፤ አንዳንዱን መንገድ የሳተ ሰው የከመረው ነው። ከካርታው ጋር ያስተያዩ።

በየሰዓቱ ቆመው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የት ነኝ? ስንት ሰዓት ነው? እጄና እግሬ እንዴት ናቸው? «የት ነኝ» ለሚለው ካርታው ላይ ጣትዎን ማስቀመጥ ካልቻሉ ወደፊት አይሂዱ።

7. ድንጋዩ ላይ

ከዚህ በኋላ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ይፈጽሙ።

ሀ. ምርኩዝ ካለዎት እጅ የሚፈልገው ቦታ ሳይደርስ አጥፈው ቦርሳው ላይ ይሰሩት። አንጓ ላይ ታስሮ የሚንጠለጠል ምርኩዝ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይጥላል።

ለ. ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋዩን እንደያዙ ይቆዩ፤ አንዱን ብቻ ያንቀሳቅሱ።

ሐ. ክብደትዎን ከማሳረፍዎ በፊት ድንጋዩን ይሞክሩ። በመዳፍዎ ሲመቱት እንደ ባዶ ዕቃ ከጮኸ ወይም ከተነቃነቀ ይለፉት። ድንጋይን ወደ ራስዎ አይሳቡ፤ ወደ ታች ይጫኑት።

መ. ትላልቅ ቋጥኞች በተከመሩበት ቦታ የሚረግጡት የድንጋዩን መሐል ነው። ጠርዙን ሲረግጡ ይገለበጣል። ከድንጋይ ድንጋይ አይዝለሉ።

ሠ. ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ እርጥብ ወይም በረዷማ ነው ብለው ይያዙ። ድንጋይ ላይ የሚወጣው ሽበት ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የደረቀና ሻካራ ገጽ ይምረጡ። ቅጠል የሸፈነውን ቦታ በምርኩዝ ሳይወጉ አይርገጡ።

ረ. ድንጋይ በሚወርድበት ጠባብ ሰርጥ ሥር ለዕረፍት አይቁሙ። ሌሊት ስንጥቅ ውስጥ የረጋው በረዶ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይፈታል፤ ይዞት የነበረውም ድንጋይ ይለቀቃል። እንዲህ ያለውን ቦታ ቀና እያሉ፣ ሳይቆሙ ይለፉ።

ሰ. መውረድ የማይችሉትን አይውጡ። ሲወጡ እጅና እግር የሚያሳርፉበትን ያያሉ፤ ሲወርዱ ግን እግርዎን ወደማያዩት ቦታ ነው የሚልኩት። ከተጠራጠሩ ሁለት ሜትር ወጥተው መልሰው ይውረዱ። ያ ካስቸገረዎት መንገዱ እዚያ ላይ አብቅቷል።

8. የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ

ይመለሱ። ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም ይመለሱ።

በዚያች ቅጽበት ራስዎን የሚያሳምኑባቸው ምክንያቶች ሁሉ እውነት ይመስላሉ፤ አየሩ ጥሩ ነው፣ ጉልበት አለኝ፣ ቁልቁለቱን እፈጥናለሁ። ሃያ ደቂቃው ግን ደርሶ መልስ አርባ፣ ከዕረፍቱና ከፎቶው ጋር አንድ ሰዓት ይሆናል። ያ ሰዓት የሚወሰደው ከመጠባበቂያው ነው።

ከመውረድዎ በፊት ተቀምጠው ይብሉ፣ ይጠጡ፣ የጫማዎን ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ጣት የጫማውን ጫፍ እንዳይመታ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጠብቅ።

9. ቁልቁለቱ

እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ፣ ክብደትዎን ከእግርዎ በላይ ያቆዩ። ፈርተው ወደኋላ ሲያጋድሉ እግር ከፊት ያመልጣል። ገደላማ በሆነው ቋጥኝ ላይ ፊትዎን ወደ ድንጋዩ አዙረው እንደ መሰላል ይውረዱ። በሚንሸራተት ጠጠር ላይ ተረከዝዎን አስቀድመው ይትከሉ፤ ጠጠሩ ሥር ገደል መኖር አለመኖሩን ካላዩ ግን አይግቡበት። ከጠጠሩ ይልቅ ዳር ዳሩን ይያዙ።

አቋራጭ አይፈልጉ። ከላይ ሲታይ ወጥ የሆነ ቁልቁለት መሐሉ ላይ ከላይ የማይታይ ገደል ሊኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

መንገድ ከጠፋብዎ። ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ የሚበሉትን ይብሉ። ከዚያ ካርታውን ይዩ። መጨረሻ ላይ በእርግጠኝነት የሚያውቁት ቦታ ቅርብ ከሆነ በመጡበት ወደዚያ ይመለሱ። «ወንዙን ተከትዬ እወርዳለሁ» የሚለው ሐሳብ በድንጋያማ ተራራ አደገኛ ነው፤ ወንዙ ከፏፏቴ አፋፍ ያደርስዎታል።

ጉም ከወረደ። ገና መውረድ ሲጀምር ያሉበትን ቦታና የኮምፓሱን አቅጣጫ ይያዙ። የሚያውቁት ዱካ ላይ ከሆኑ ቀስ ብለው ይመለሱ። ዱካው ካልታየ ነፋስ ከማያገኘው ቋጥኝ ጀርባ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ጉም ብዙ ጊዜ ለአፍታ ይከፈታል።

ነጎድጓድ ከሰሙ። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪመጣ ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከጫፍና ከሸንተረር ወዲያውኑ ይውረዱ። ብቸኛ ዛፍ ሥር ወይም ጥልቀት በሌለው ዋሻ አፍ አይጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ ወደ ሸንተረሩ አይመለሱ።

ቁርጭምጭሚት ወለም ካለ። ወዲያው ለመነሣት አይሞክሩ። መጀመሪያ ወፍራሙን ልብስ ይደርቡ። መርገጥ ከቻሉ ጫማውን አያውልቁ፤ ካበጠ በኋላ ተመልሶ አይገባም። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርገው፣ በምርኩዝ ተደግፈው፣ ቅርብ በሆነው ማቋረጫ ይውረዱ። እግሩ ከደነዘዘ ማሰሪያውን ያላሉት። ጥቂት እርምጃ እንኳ ካልተቻለ ገና ብርሃን ሳለ ለእርዳታ ይደውሉ፤ እስኪመሽ መጠበቅ የእርስዎንም የፈላጊዎችንም አደጋ ያበዛል።

ብርድ ካሸነፈዎት። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደገኛ ነው፤ ምልክቶቹ ግን ቀድመው ይመጣሉ፦ የማይቆም መንቀጥቀጥ፣ ዚፕ የማይዘጋ ጣት፣ መደናቀፍ፣ ግድ የለሽነት። ብቻዎን ሲሆኑ ይህን የሚነግርዎት ስለሌለ ዚፕዎን መዝጋት ያቃተዎት ጊዜ እንደ ማንቂያ ይውሰዱት። እርጥቡን ልብስ ያውልቁ፣ ደረቁን ይልበሱ፣ ከረጢቱ ውስጥ ይግቡ፣ ጣፋጭ ነገር ይብሉ። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅዎት ከቆመ ሁኔታው ብሷል፤ ፈጥነው እርዳታ ይጥሩ።

ከጨለመ። መንገዱ ግልጽና ገደል የሌለው ከሆነ ባትሪዎን ግንባርዎ ላይ አስረው በዝግታ ይውረዱ። መንገዱን ካላወቁት ወይም ከታች ገደል ካለ ይቁሙ። ያለዎትን ልብስ ሁሉ ይልበሱ፣ ቦርሳው ላይ ይቀመጡ፤ ባዶ ድንጋይ ሙቀት ይስባል። እግርዎን ከረጢቱ ውስጥ አስገብተው ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። እዚያው ማደር ከገደል ይሻላል።

እርዳታ ለመጥራት። ድምፅ የማያሳልፍ ኔትወርክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያሳልፍ ይችላል። ያሉበትን ነጥብ በጂፒኤስ ቁጥር፣ ጉዳቱንና የስልክዎን የቀረ ኃይል ይጻፉ። ስልክ ከሌለ በደቂቃ 6 ጊዜ ፊሽካ ይንፉ ወይም ብርሃን ያብሩ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይድገሙ። መልሱ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። በሰሜን አሜሪካ የጭንቅ ጥሪው ራሱ ሦስት ጊዜ ነው። መልስ ቢሰሙም ፈላጊዎቹ አጠገብዎ እስኪደርሱ አያቋርጡ።

10. ግርጌው ላይ

ጫማዎን ከማውለቅዎ በፊት ለጠበቀዎት ሰው ይደውሉ። ረስተው ቢተኙ ሌሎች ሰዎች በጨለማ ተራራውን ይወጣሉ።

በዚያው ማታ፣ ገና ሳይረሱ፣ ካሰቡት ሰዓት ጎን በእውነት የወሰደብዎትን ይጻፉ፦ አቀበቱ ስንት፣ ዕረፍቱ ስንት፣ ቁልቁለቱ ስንት። ለድንጋዩ የጨመሩት ግማሽ ለእርስዎ እግር ያንሳል ወይም ይበዛ ይሆናል። የሚቀጥለውን የመመለሻ ሰዓት የሚያሰሉት በዚህ ቁጥር ነው። ባትሪውን ይሙሉ፣ ከረጢቱን አድርቀው ወደ ቦርሳው ይመልሱ፣ ጫማውን ከእሳት አርቀው ጋዜጣ ሞልተው ያድርቁት።